ለእናቴ አፈር ፍለጋ ወደ ኒው ኦርሊንስ

ከጅቡቲ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ኒው ኦርሊንስ ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሮ አምና እዚያው አረፈ። ቪዛ ያገኘሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እናቴ ካርቲየ 6 ሰፈር ካለው ቤታችን ስትሸኘኝ፣ «ልጄ ባዕድ መሃል ብቻውን ተኝቷል። ከመቃብሩ አንድ እፍኝ አፈር ዘግነህ አምጣልኝ» አለችኝ።

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን አድርጌ ደረስኩ። የተቀበለኝ ወበቅ የጅቡቲ የነሐሴ ወበቅ ነው፤ ለዚህማ ይሄን ሁሉ ባሕር መሻገር አያስፈልገኝም ነበር!

ከተማዋ ጥንት የፈረንሳይ ነበረች። የብረት ጥልፍ ያላቸው ሰገነቶችና የፈረንሳይኛ ስም ያላቸው መንገዶች ሞልተዋታል። በፈረንሳይኛዬ ተመክቼ መንገድ ብጠይቅ ግን የሚገባው ሰው ጠፋ፤ የመንገዶቹን ስም በራሳቸው አፍ ቀይረውታል። በአንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም የከተማ ባቡር ተሳፍሬ፣ ዋርካ በሚያካክሉ ዛፎች ሥር አልፌ የወንድሜ ጎረቤት ሚስ ሩት ቤት ደረስኩ። እዚያ አገር ትልልቅ ሴቶችን «ሚስ» ማለት እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ሰኞ ስለነበር ቀይ ቦሎቄ በሩዝ አቀረቡልኝ። ሰኞ ሰኞ የከተማው ሰው የሚበላው ይህንኑ ነው አሉኝ።

ከምሳ በኋላ ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ። ኪሴ ውስጥ ፌስታል ይዣለሁ፤ የሚዘገን አፈር ግን የለም። መሬቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ሙታን የሚያርፉት ከመሬት በላይ፣ በኖራ በተቀቡ ትናንሽ የግንብ ቤቶች ውስጥ ነው። አንዱን ቤት አንድ ቤተሰብ በሙሉ ይጋራዋል።

ተስፋዬ ያለበት ፊት ስንቆም «ይሄ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የእኛ ነው። ባሌና እናቴ አሉበት» አሉ ሚስ ሩት። «ተስፋዬ ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበር። ታዲያ የት ላድርገው?»

አለቀስኩ። ለወንድሜም፣ ባዶ እጄን ለምመለሰው ለእኔም።

ጅቡቲ ስገባ እናቴ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ተረት ኒው ኦርሊንስ ሄጄ ነው በደንብ የተማርኩት አልኳት።

«አብረውት ያሉት ሰዎች ስማቸው ማን ነው?» አለች።

«አልጠየቅኩም።»

«ልጄን ያስጠጉትን ሰዎች ስም ሳትይዝ መጣህ? ደውል!»

ደወልኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትጸልይ «ተስፋዬን ማርልኝ» ብላ እዚያ ላይ አታቆምም። «ሄንሪንና ኤላንም ማርልኝ፤ ዘመዶቼ ናቸው» ትላለች።