ሻወር ውስጥ የማይወልቅ ሰዓት

ሰዓቱን የላከችው አረብ አገር ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን ልባቸውን መታመም ከጀመሩ ወዲህ እሷ እዚያ እንቅልፍ የላትም፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን ጋር ስታገል ነው የምውለው። ሰዓቱ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ሰው ድንገት ሲወድቅም ያውቃል። ያየውን ለአባቴ ስልክ ይነግራል፤ የእሳቸው ስልክ ደግሞ ለእኔ ይልካል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤታቸው የተቀመጡትን የአባቴን ልብ ኮምቦልቻ ሆኜ አያለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለሥራ ባልደረቦቼ እያሳየሁ ጉራዬን ነዝቻለሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሰኞ ገበያ በልብስ ስፌት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስፌት ከተጣመመች ደንበኛው "ግዴለም ይሁን" ቢላቸው እንኳ ፈትተው እንደገና ይሰፏታል። ነጋዴው ሁሉ ወላሂ ሲል በሚውልበት ገበያ እሳቸው ሲምሉ የሰማ የለም። "ካልዋሸሁ ለምን እምላለሁ?" ይሉ ነበር። ሰዓቱን ሳስርላቸው መርፌ እንደሚወጋ ሰው ፊታቸውን አዙረው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ምቱን በደንብ እንዲያገኘው ጠበቅ ማለት ነበረበት፤ እኔም ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

ችግር የመጣው በውሃ በኩል ነው። አባቴ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ፤ ለጁምዓ ደግሞ ሻወር ቤት ገብተው ገላቸውን ይታጠባሉ። ውሃ በነኩ ቁጥር ሰዓቱን ያወልቁታል፤ መልሰው ማሰሩን ይረሳሉ። እህቴ በተለይ ሻወር ውስጥ እንዳያወልቁት ትለምን ነበር፤ ሽማግሌ የሚወድቀው እዚያ ነው፣ ሳሙና በነካው ሲሚንቶ ላይ። እቃው ውሃ አይፈራም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው የፈሩት ለእቃው አልነበረም። እጅ እስከ ክርን ሲታጠብ ውሃ ያልነካው ቆዳ ከቀረ ውዱእ የለም፤ ውዱእ ከሌለ ሶላት የለም። ይህንን ለእኔ በልጅነቴ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

አንድ ጁምዓ ጠዋት ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ሳይ የአባቴ ልብ የለም። ደወልኩ፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሱም። አለቃዬን ሳላስፈቅድ ወጥቼ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ያንን የደሴ ዳገት ስንወጣ ለእህቴ መርዶውን እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ቤት ስደርስ አባቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጺማቸው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሚዶ ይፈልጋሉ። ሰዓቱ ሻወር ቤቱ መስኮት ላይ ተጋድሟል። "ምነው፣ በደህና ነው?" አሉኝ ደንግጠው።

በመደሰት ፈንታ ተናደድኩ። በማግስቱ አለቃዬ በሰው ፊት ሲያዋርደኝ ደግሞ ንዴቴ እጥፍ ሆነ። የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሸሁን ጠይቄያቸዋለሁ አልኳቸው። ለሕመምተኛ ችግር የለውም፣ ሳያወልቁት ይታጠቡ ብለዋል አልኩ።

የሸሁ መስጊድ ከቤታችን ሦስት ደቂቃ መንገድ አይሆንም። እኔ ግን አልጠየቅኳቸውም። አባቴ ፊታቸው በራ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ "ሸሁ ካሉማ እሺ።" መቼ ጠየቅካቸው፣ እንዴት አሉህ፣ አንድም ነገር አላሉም። ልጃቸው ነኝና አመኑኝ። ለጤናቸው ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ሥራዬ ላይ ማንም እንዳይረብሸኝ ነው፤ ይህንን ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል።

አራት ወር ሰላም ሆነ። አባቴ በሰዓታቸው ላይ ውሃ እያፈሰሱ ውዱእ ያደርጋሉ፣ ሻወር ይገባሉ፤ እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ምታቸውን አያለሁ። እህቴ በደወለች ቁጥር አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር እያለች ትመርቀኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ የእኔም አንድ ቀን አለቀ። እረፍት የወጣሁበት ጁምዓ ነበርና ከአባቴ ጋር መስጊድ ሄድን። የአባቴ የድሮ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ፣ ለእሳቸውም ልጃቸው እንደዚሁ ያለ ሰዓት ልኮላቸው፣ ቧንቧው ጋ ሊያወልቁት ሲታገሉ አገኘናቸው። አባቴ አይልፉ፣ ሸሁ ፈቅደዋል አሏቸው። ሽማግሌው አላመኑም መሰለኝ፣ ሶላቱ አልቆ ሸሁ ወደ ግቢው ሲወጡ እኛው ፊት ጠየቋቸው።

ሸሁ ተገረሙ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ወደ አባቴ ዞረው ውሃው ከስሩ ይገባ እንደሆነ ጠየቋቸው። አባቴ ጣታቸውን በማሰሪያው ስር ለመክተት ሞከሩ፤ አልገባም። ሸሁ አዝነው ነገሩን አስረዱ። ማውለቅ እንኳ ግድ አልነበረም፤ ላላ አድርጎ ነቅነቅ ማድረግ፣ ውሃው ከስሩ እንዲደርስ፣ ይኸው ነበር። ውሃው ካልደረሰ ግን በዚያ ውዱእ የተሰገደው ሶላት ሁሉ መመለስ አለበት።

ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ይህ ነበር፤ የእህቴም ልብ ያርፍ ነበር፣ የአባቴም ሶላት ይሞላ ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ አዩኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። ጫማዬ እግሬ ስር ነበር።

"አውፍ በሉኝ ሸህዬ" አሉ አባቴ። "ልጁን ጠይቅልኝ ልለው አስቤ ሳልለው የቀረሁ ነኝ። ጠይቆ መልስ ያመጣልኝ መስሎኝ ነው። እርጅና ነው።"

ሸሁ አላህ ይቀበልዎት፣ ያሽርዎት አሏቸው። ሽማግሌው ወዳጃቸውም እርጅና መጥፎ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ያወሩኝ ስለ ውሃ ፈረቃ ነበር፤ በርሜሉ ጎድሏል፣ ዛሬ ካልመጣ ከጎረቤት እንቀዳለን እያሉ። አንዲት የወቀሳ ቃል ብትወጣቸው እንዴት ደስ ባለኝ።

ቀዷውን፣ ያለፈውን ሶላት መመለሱን፣ ያን ዕለት ጀመሩት። የንጋቱን ሱብሂ ሲሰግዱ ያለፈች አንድ ሱብሂ፣ የቀትሩን ዙህር ሲሰግዱ ያለፈች አንድ ዙህር፣ እያሉ አራት ወሩን ይመልሳሉ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዛቸው ከሱጁድ ሲነሱ የአልጋውን እግር ይይዛሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ ብላቸው መቆም እየቻልኩ እንዴት ተደርጎ አሉኝ። ሰዓቱን አልተዉትም፤ እህቴ ቅር እንዳይላት ብለው ከውዱእ በኋላ መልሰው ያስሩታል፣ አሁን አይረሱም። እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ ስልኬ ላይ አያለሁ። ምቱ ይጠፋል፣ ታጥበው ሲያበቁ ይመለሳል፣ ለሶላቱ ከፍ ይላል፣ ለቀዷው ደግሞ እንደገና ከፍ ይላል። ሐኪሙ እንዳይደክሙ ብሎ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ የማደክማቸው እኔ ነኝ፤ ያንንም በቁጥር እያየሁ።

አንድ እሑድ ቤት ውዬ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አባቴ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰገዱ፤ የቀዷዋን አስር ሰገዱ። አበቃ ስል የአልጋውን እግር ይዘው ተነሡና ሌላ ሁለት ረከዓ ጨመሩ። አሰላምተው ሲጨርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ያቺኛዋ ደግሞ የምን ናት ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እቺ የቀዷ አይደለችም" አሉኝ። "መስጊድ ግቢ ቆሜ ሸሁን ዋሽቻቸዋለሁ አይደል? ለዚያ ነው።"

የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ለእኔ ብለው ነው፣ አልኳቸው። ድምፄ እንደ ሕጻን ሆኖ ነው የወጣው። ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ይህን በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

"አውቃለሁ" አሉ፣ ሰዓቱን ከእጃቸው እያላሉ። "ያንተን አንተ ትሰግዳለህ። እኔ የራሴን ነው።"

የእኔን ለመስገድ መጀመሪያ ሸሁ ፊት ቆሜ እውነቱን መናገር አለብኝ። አባቴ ሂድ አላሉኝም፤ አይሉኝምም። መስጊዱ ሁለት በር አለው። ሸሁ በሚወጡበት በኩል እስከ ዛሬ አልገባሁም።