የእማማ ትርንጎ ጃንጥላ

ባለፈው ሰሞን ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ስልኳን መስኮቱ ላይ ደግና ለልጇ ማሳ ታሳያለች። ኔትወርክ ተዘግቶ ከርሞ የተለቀቀ ሰሞን ነበር። "ይኸውልሽ ጤፉ፤ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረበት እዪልኝ" ትላለች። ልጅቱ ያለችበትን አገር እንጃ፣ "እማ፣ ወደ ራስሽ አዙሪው እንጂ፤ ጤፍ መሰለሽ የናፈቀኝ?" ስትላት መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ሴትዮዋም እየሳቀች፣ "ተይኝ እስቲ፣ ደግመው ሳይዘጉት ልጥገብሽ" አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። አምበር ደርሼ እማማ ትርንጎን ሳላስብ ተመልሼ አላውቅም።

እሳቸውን ሳውቃቸው ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ኢንተርኔት ቤት ብርቅ ነበር፤ እኔ የምሠራው ጋሽ አንዳርጌ ቤት ነበር። ጋሽ አንዳርጌ አስተማሪነቱን ትቶ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የገዛ፣ ሲናደድ እንኳ ቀስ ብሎ የሚናደድ ሰው ነው። ኮምፒዩተሮቹን ሚስቱ በሠራችው ዳንቴል እንሸፍናቸዋለን፤ ሙሽራ ይመስሉ ነበር። መስመሩ እየጮኸ እስኪገናኝ ድረስ ደንበኛው ከደጅ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ፣ በልቶ፣ ቆረቆንዳውን ጥሎ ይመለሳል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ መስመሩ ይጠፋና ሁላችንም ቁጭ ብለን ቆርቆሮውን እናዳምጣለን።

ሕጉ እንዲህ ነበር፤ በኢንተርኔት መጻፍ ይቻላል፣ መነጋገር ክልክል ነው። ለምን ቢሉ ደህና አድርጎ የሚያስረዳ አልነበረም። አንዳንዱ መንግሥት ከስልክ የሚያገኘው ገቢ እንዳይቀርበት ነው ይላል፤ ሌላው ሊያዳምጠው የማይችለውን ወሬ ስለማይወድ ነው ይላል። ጋሽ አንዳርጌ፣ "በእጅሽ ብትናገሪ ዜጋ ነሽ፣ በአፍሽ ብትናገሪ ወንጀለኛ" እያለ ያሾፍ ነበር። ግን እናት ልጇ የገባችበት ጠፍቶባት በሩ ላይ ስታለቅስ፣ ሂጂ የሚልበት አንጀት አልነበረውም። ስለዚህ ከኋላ፣ በመጋረጃ በተከለለችው ክፍል፣ አንድ ማዳመጫ ነበረን። የሚያውቅ ያውቃል፣ ማንም አያወራውም።

እማማ ትርንጎ የመጡት ለዚያች ክፍል ነው። ልጃቸው በላይነሽ ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ከርሟል። እሳቸው መንደር ስልክ የለም፤ የልጅቱ አሠሪም ስልክ አታስነካትም። በኋላ ግን ከዚያው የተመለሰች የአገራቸው ልጅ ደህንነቷን ነገረቻቸው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ትለቀቃለች፣ ከዚያም ወደ አንድ የሐበሾች ኢንተርኔት ቤት ጎራ ትላለች አለች። አድራሻውንም ለኛ ሰጠችን።

ያን እሑድ ሻሻቸውን ፈትተው ማዳመጫውን ሳደርግላቸው፣ "ልጄ፣ ይኼ ነገር አያፍነኝም?" አሉኝ። ብዙ ጠበቅን። ድንገት "እማ?" የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ትርንጎ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በላይነሽ ደግማ ተጣራች። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያለቅሱላት የከረሙት ሴትዮ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ያሉት፣ "በላይዬ፣ ምሳ በላሽ?" ነው። ከዚያማ ማን ያስቆማቸው! ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ሲጮኹ ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ጋሽ አንዳርጌ ሬዲዮውን እስከ ጥጉ ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ወር በገባ ቁጥር በነጠላቸው የባቄላ እሸት ቋጥረው ይመጣሉ። እሸቱን እየፈለፈልን ከመጋረጃው ውጭ እንሰማቸዋለን፤ ላሟ መውለዷን፣ ጎረቤት ማን እንዳገባ፣ ሁሉን ይነግሯታል። አንድ ቀን ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ሚካኤልን ድምጿን ካሰማኸኝ ብዬ ጃንጥላ ተስዬለት ነበር። ለኅዳር ስለቴን ላገባ ነው" አሉኝ። በደስታቸው ደስ አለኝ።

በኛ አገር ስለት የሰመረለት ሰው ዝም ብሎ አስቀምጦ አይሄድም። ምን ተስሎ እንዴት እንደሰመረለት ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑም በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ያሰማሉ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ኅዳር ሚካኤል ከተማው ዳር ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጢም ብሎ ነበር። የጠዋቱ ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ከማሳው የአጨዳ ሽታ ይመጣል። ከጋሽ አንዳርጌ ጋር ዋርካው ሥር ቆመን ስለት ሲነበብ እንሰማለን።

"ወይዘሮ ትርንጎ ከአምበር! ባሕር ማዶ ያለች ልጃቸው ድምጿ ጠፍቶባቸው ቢሳሉ፣ ቅዱስ ሚካኤል ደርሶላቸው በአቶ አንዳርጌ ኢንተርኔት ቤት በኮምፒዩተር አፍ ለአፍ አነጋግሯቸው፣ ይህን ጃንጥላ አግብተዋል! እልል በሉ!"

ግቢው በእልልታ ተናጋ። እማማ ትርንጎ ከሴቶቹ መሀል ሆነው እንባቸው እየወረደ ወደኛ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጋሽ አንዳርጌ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። "በቃ፣ ታወጀብን" አለኝ። ለካስ ቴሌ መሥሪያ ቤት ያለ ሰውም ሚካኤልን ያነግሣል።

ሳምንት ሳይሞላ ከፖሊስ ጋር መጡ። ማዳመጫውን፣ ኮምፒዩተሮቹን፣ ዳንቴሉን ሳይቀር ጭነው፣ በሩን አሽገው ጋሽ አንዳርጌን ወሰዱት። ስንቅ ይዤለት ስሄድ ስለራሱ ምንም አላለኝም። "እሳቸው እንዳይሰሙ" ነው ያለኝ። "በስለትዎ ምክንያት ነው ብለሽ እንዳትነግሪያቸው። ሰው ባመሰገነበት አይቀጣም።"

ወር ሲገባ እማማ ትርንጎ እሸታቸውን ቋጥረው መጡ። የታሸገው በር ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አልኳቸው። ሌሎች ኢንተርኔት ቤቶች ዘንድ ይዣቸው ዞርኩ፤ ሁሉም ፈርቷል፣ ከበር መለሱን። እኔው ለበላይነሽ ጻፍኩላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጓደኛዋ አንድ ጊዜ መለሰችልኝ። "እሑድ ስትጠብቅ ዋለች። እናቴ አፈር ለብሳ ነው የደበቃችሁኝ ትላለች። ደብዳቤ አላምንም፣ ድምጿን አሰሙኝ ትላለች" ይላል። በሕይወት አሉ ብዬ ደጋግሜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። አሠሪዋ ቀየረቻት ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እማማ ትርንጎ ግን የራሳቸውን ምክንያት አገኙ። "ስለቴ አንሶበት ነው" አሉኝ። "ለዚያ ሁሉ ውለታ ተራ ጃንጥላ ሰጥቼው ተቀይሞኛል።" ጋሽ አንዳርጌ የከለከለኝ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። በዓመቱ ጊደራቸውን ሸጠው ወርቃማ ዘርፍ ያለው ትልቅ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ካህናቱ ስለት ሳይሰምር አይገባም ቢሏቸው፣ "እኔ አስቀድሜ ልስጠው፣ እሱ ይድረስበት" ብለው ትተው ሄዱ። ጋሽ አንዳርጌ ተፈትቶ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። እማማ ትርንጎ ጥቂት ዓመት ቆይተው አረፉ፤ የልጃቸውን ድምፅ ዳግመኛ አልሰሙም።

ያ ሕግ መቼ እንደቀረ እንኳ ልብ ያለው የለም። ይኸው ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ጤፍ ያሳዩበታል፤ ደስ ያላቸው ቀን ደግሞ ይዘጉታል።

ጃንጥላው ግን አለ። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ከታቦቱ ጋር ይወጣል፤ ዘርፉ ረግፏል፣ ቀለሙም ለቋል። የአምበር ሴቶች ሲያዩት፣ "አወይ ትርንጎ፣ አስቀድማ ከፍላ ሚካኤል ባለዕዳዋ ሆኖ ቀረ" ይላሉ። እኔም ከንፈሬን እመጣለሁ። ዕዳው ግን የሚካኤል አይመስለኝም።