የሱዎር ሊሲ ቅቤ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ካለ የሕንዶች ሱቅ ምስር ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ ለአንዲት ደንበኛ አረንጓዴ መሳይ ቅቤ ያለበትን ብልቃጥ ከፍቶ ሲያሳያት፣ ሽታው ከእሷ አልፎ እኔ ጋ ደረሰና ምስሩን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ ትራም መጠበቂያው ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

እኔ ቀዥቃዣ ልጅ ነበርኩ። እማዬ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደረች ትሠራ ስለነበር፣ ሲኞራዋም የልጅ ድምፅ መስማት ስለማይወዱ፣ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ኮሌጆ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ አስገብታኝ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ትመጣልኝ ነበር። እዚያ ጸሎት ላይ በአግዳሚ ሥር እሽሎከለካለሁ፣ ሾርባ እደፋለሁ፣ የጀመርኩትን ፊደል ሳልጨርስ መስኮት ላይ ወጥቻለሁ። በመጨረሻ የመነኮሳቱ አለቃ እማዬን ጠርተው፣ "አሎራ፣ እንግዲህ እስከ ገና ካልረጋች ወደ አገሯ ላኪያት" አሏት። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በሥራዋ ላይ የተንጠለጠለ ነውና ሥራ ትታ ልትይዘኝ አትችልም። "በሞቴ፣ እግርሽን ሰብስበሽ ተቀመጪልኝ" እያለች ትለምነኛለች፤ እሺ እላታለሁ፣ እሺ ብዬ ሳልጨርስ ግን ተነስቻለሁ።

ያዘነችልን የኮሌጆው ኩሽና ውስጥ የምትሠራው ሱዎር ሊሲ ነበረች፤ ከኬረላ የመጣች ሕንዳዊት መነኩሴ። በአገሯ አዩርቬዳ በሚሉት የጥንት ሕክምና፣ ልባቸው ለማይሰበሰብ ልጆች ቅጠል ተጨምሮበት የሚነጠር ቅቤ አለና፣ ከዘመዶቿ አስመጥታ ለእማዬ ሰጠቻት። የሁለቱም ጣልያንኛ ስብርባሪ ስለነበር "ቀስ እያልሽ ለልጅቷ" ከሚለው ሌላ አልተግባቡም። እማዬ ደግሞ ማብራሪያ መች ፈልጋ! ቅቤ ለልጅ ከተባለ የት እንደሚደረግ የማያውቅ ሐበሻ አለ እንዴ? በእሁዱ መናፈሻ ወሰደችኝና፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መሀል አስገብታኝ፣ ብልቃጡን እንዳለ አናቴ ላይ ገለበጠችው። ፀሐይዋ የዋዛ አልነበረችም፤ ቅቤው በግንባሬና በጆሮዬ ይንቆረቆር ጀመር፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሸሸን፣ ስንወርድ ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ እስከ ኮሌጆው በር አጀበን። ሱዎር ሊሲ ስታየኝ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ለካ በለብ ያለ ወተት የሚጠጣ ኖሯል!

ሁለቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ "ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፣ ጭንቅላትም ይታሻል" ብላ ለብ ያለ የሰሊጥ ዘይት አምጥታ፣ ጣት እንዴት ከግንባር ወደ ማጅራት እንደሚሄድ ለእማዬ አሳየቻት። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ እሁድ በመጣ ቁጥር እታሻለሁ፤ እኔ፣ ያቺ ቀዥቃዣ፣ ድንጋይ ሆኜ እቀመጣለሁ። ዘይቱ ይሁን የእማዬ ጣቶች አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው እዚያ ጉልበት መሀል ሳለሁ ሌላ መሄድ የምፈልግበት ቦታ እንዳልነበረኝ ብቻ ነው። ምን ያደርጋል፣ በሌሎቹ ቀናት እማዬ የለችም፣ እኔም ያው ነኝ። ገና ሲደርስ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ።

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በቁጣም በኩርኩምም ብለው እንድረጋ አደረጉኝ። ዓመታት አልፈው ወደ ሮም ስመለስ ሙሉ ልጃገረድ ሆኛለሁ። ከዚያ በኋላ እማዬ እስክትቀበር ድረስ አልተለያየንም፣ ያየን ሁሉ ይቀናብን ነበር። የተመለስኩ ዕለት የነበረችውን ያቺን የመጀመሪያ ምሳ ግን ምንም ሊያስረሳኝ አልቻለም።

ሮማኒና የሚባል ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ የምወደውን ሁሉ ሠርታ ጠበቀችኝ። እኔ ወንበር ጫፍ ላይ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አጣምሬ፣ ብዪ እስክባል ተቀመጥኩ። ወጥ እያወጣች ታየኛለች፣ ትዞርና መልሳ ታየኛለች። በኋላ ጭልፋውን አስቀመጠችው።

"ተነሺ እንጂ" አለችኝ።

"ምን ላምጣ?"

"ምንም አታምጪ። ዝም ብለሽ ተነሺ። እንደ ድሮሽ እዚህም እዚያም በዪልኝ፣ የሆነ ነገር ስበሪልኝ፣ ልጄ" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ልነሳላት ፈለግሁ፣ አምላክ ያውቃል። ወዴት እንደሚኬድ ግን ጠፍቶኝ፣ እጆቼን እንዳጣመርኩ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ።