የገለባው ግድግዳ

ሰው አገሩን ይናፍቃል፣ እናቱን ይናፍቃል። እኔ ደግሞ፣ ለሰው ባወራው ይስቅብኛል እንጂ፣ ገለባ የታጨቀበት ጆንያ ይናፍቀኛል። ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ አናት ሲበሳ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ በጆንያ አጥረን የዘፈንንባት ያቺ ጠባብ ክፍል ድንገት ትመጣብኛለች። ውስጧ ሲኦል ነበር። ስንገባም እየተሳደብን፣ ስንወጣም እየተሳደብን ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ሆዴ እዚያ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በደርግ ጊዜ ከጎንደር ቆላ የወጣሁ ዘፋኝ ነኝ። ዘፋኝ ያደረገኝም ቀበሌው ነው፤ ኪነት ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ፤ እምቢ ማን ይላል። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ማይክራፎኑ ሲበላሽ እኔን ነበር የሚያቆሙት። ባሌን ግን የፈለጉት ለዘፈን ሳይሆን ለሚሊሺያ ነው። ዱር ለዱር ሲሸሽ ከረመና አንድ ቀን፣ “አንቺ ከነጋዴዎቹ ጋር ቅደሚ፤ እኔ መንገዱ ሲቀለኝ እከተላለሁ” አለኝ። መተማ ገበያው ዳር ስንለያይ አለቀስሁ። አድራሻ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ያን በሚያህል ከተማ ውስጥ በምን ታገኘኛለህ አልሁት።

“ገዳሪፍ ምን ቢሰፋ አንቺ አትጠፊም” አለኝ። “መንገድ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ጩኸት ወደበዛበት እሄዳለሁ። እንዲያውም ያንቺ ድምፅ እንደሁ እዚህም ድረስ ሳይሰማኝ አይቀርም።”

ትከሻውን በቡጢ አልሁት። እየሳቀ ሄደ።

ለቀልድ ነው የተናገረው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሙጥኝ አልሁት። ሌላ ምን ነበረኝ?

ገዳሪፍ ስገባ ያገሬ ልጆች ባንድ ቢጤ አቋቁመው አገኘኋቸው። ድራም መቺው የጎንደር ከተማ ልጅ ነው፣ አፉ የማያርፍ። ጊታርና ኦርጋን የሚጫወቱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንድ ደግሞ ከፖሊስ ባንድ ከነጥሩምባው የጠፋ ሰው። ለሐበሻም ለሱዳንም ሰርግ እንጠራለን። መለማመጃ ያደረግነው እኔ የተከራየኋትን የጭቃ ክፍል ነው። ክፍሏ ያለችው አንድ ሽማግሌ ሐጅ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ አንዷ መስኮቷ የምታየው ከሎሪ ማቆሚያ ወደ ሰፈር የሚያስገባውን መንገድ ነው። ከድንበር የመጣ ሰው ሁሉ አቧራውን እያራገፈ በዚያ ያልፋል። ያቺን መስኮት በልምምድ ሰዓት የሚዘጋ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ምክንያቱን ያወቀው ድራም መቺው ብቻ ነው። ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ሐጁ ታመሙ። ወባ ነው፣ ግን የሚመላለስ ወባ፤ ለቀቀኝ ሲሉ ይይዛቸዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ በገባሁ ቀን ያለ ምንም ዋስ ቁልፉን እጄ ላይ ያስቀመጡ። አሁን ግን በሚስታቸው ተደግፈው መጡና፣ “ያ ብንቲ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ “ያ ድራም የሚመታው ከበሮውን አይደለም፣ ራሴን ነው። ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልጉ።” ሲናገሩ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። የታመመ ሰው እውነቱን ነው።

ልጆቹ ቤት እንለውጣለን አሉ። እኔ አሻፈረኝ አልሁ። ካገር ለሚመጣ ሰው ሁሉ በዚያ መንገድ ዳር እንዳለሁ ነግሬ፣ ወዴት ነው የምሄደው? እዚህ ቆይተን ዝም እንበል ደግሞ አይባል፤ እንጀራችን ነው። ድራም መቺው ሲያስብ ዋለና፣ “ክፍሏን እንፈናት” አለ። “ድምፅ ማለት እንደ ውሃ ነው፤ ቀዳዳ ካጣ እዚያው ተኝቶ ይቀራል።”

“መስኮቷስ?” አልሁት።

አቀረቀረ። “መስኮቷ ናት ዋናዋ ቀዳዳ” አለ።

ሁለት ቀን አላናገርሁትም። በሦስተኛው ቀን፣ ከሚያባርሩን መታፈን ይሻላል ብዬ እሺ አልሁ። ባይሰማኝ እንኳ ቢጠይቅ ያገኘኛል፤ እንዲያ ብዬ ነው ራሴን የሸነገልሁት።

ሥራው ሲጀመር ያየ ሰው ቤት ሳይሆን ጎተራ የምንሠራ ነው የሚመስለው። ከከተማው ውጭ ማሽላ ከሚወቃበት ቦታ ገለባ እንደ ልብ ነው፣ ከልካይ የለውም። እነሱ ካሮ በሚሉት የአህያ ጋሪ እያመላለስን፣ የጠገበ የሰው ሆድ እስኪመስል ድረስ በጆንያ ጠቀጠቅነው። ጆንያውን በውስጥ በኩል ከመሬት እስከ ጣሪያ ደረደርነው። “ድራም በግድግዳ አልፎ ይሄዳል” ብሎ ድራም መቺው በመንገዱ በኩል ከውጭም ሌላ ድርድር አቆመና በጭቃ ለሰነው። ከቆርቆሮው ሥር ጨርቅ የሞላባቸው ጆንያዎች በገመድ ሰፋን፤ በሩ ላይ ድሪቶ ሰቀልን፤ ከድራሙ ሥር አሸዋና አሮጌ ጎማ አነጠፍን። መስኮቷ በጡብ ስትደፈን ቆሜ አላየሁም። ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ።

ሲያልቅ ድራም መቺው፣ “ውጭ ቁሚና ስሚን” አለኝ። መንገዱ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። አህያ ሲያናፋ ይሰማኛል፤ ጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል። ሌላ ምንም የለም። ገና አልጀመሩም ብዬ ጠበቅሁ። የሐጁ ሚስት በራፋቸው ላይ ወጥተው፣ “ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?” አሉኝ። ያኔ ተመልሼ ድሪቶውን ስገልጥ ጥሩምባው ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ፤ አራቱም ላብ በላብ ሆነው እየተጫወቱ ነው።

“እህ?” አለኝ ድራም መቺው።

“እጅህ ይባረክ” አልሁት። ባሌ ግን በዚያ መንገድ ቢያልፍ ምን እንደሚሰማ በጆሮዬ ሰማሁት፤ አህያ ነው የሚሰማ።

ሐጁ መረቁን። እኛ እዚያች ውስጥ ተቀቀልን። አንድ ዘፈን ሳይጠናቀቅ የጊታሩ ክር ይረግባል፤ እኔ ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ራሴ ላይ ጥዬ እዘፍናለሁ። ጥሩምባ ነፊው አንድ ቀን ራሱን ስቶ ጆንያው ላይ ጋደም ሲል፣ ሌሎቹ ያረፈ መስሏቸው ቀጠሉ። በኋላ ሲነቃ፣ “ሞቼ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑን ትጨርሱት ነበር?” አለን። “እሱማ፣ ለሰርጉ ሁለት ቀን ነው የቀረን” አለው ድራም መቺው። እንዲህ እየተነካከስን በጋው ተገፋ።

በዚያ በጋ ከገበያ ለባሌ አንድ ጃላቢያ ገዛሁ። ነጭ ነው፣ ክንዱ ሰፊ። መሀል ለመሀል ጆንያው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰቀልሁት። ድራም መቺው አይቶ፣ “ጥሩ ነው፣ አንድ ጨርቅም ቢሆን ድምፅ ይቀንሳል” አለ። ስዘፍን ፊቴን ወደ ጃላቢያው አዞራለሁ። አንዳንዴም እጣላዋለሁ፤ የት ነው የተጎለትኸው፣ ያልመጣኸው ሌላ አግብተህ እንደሁ ንገረኝና ልረፍ እለዋለሁ። ሚስት አይደለሁ? ናፍቆቱ ሲጠናብኝ ደግሞ ግድግዳው እስኪሰነጠቅ እጮሃለሁ። ግድግዳው ግን በደንብ የተሠራ ነው፤ ምንም አይወጣም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የገዳሪፍ ዝናብ ሲመጣ ይመጣል፤ ጥቁሩ አፈር ጫማህን ከነእግርህ ይይዛል። በውጭ በኩል የለሰንነው ጭቃ ተሸርሽሮ ጆንያው ብቅ አለ። አንድ ጠዋት ሳይ ግድግዳችን አረንጓዴ ሆኗል። ለካስ ገለባው በደንብ አልተወቃም፣ ፍሬ ነበረበት፤ ያ ሁሉ ጆንያ ውሃ ጠጥቶ ማሽላ አበቀለ። ድራም መቺው አየና ራሱን ያዘ። “እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ማን ነገረኝ?” ይላል። ሳቅ ቀደመኝ። የማሽላ ቡቃያ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር፤ ቀርቤ ሳሸተው አገሬ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ከሳቁ ወደ ለቅሶ ዞርሁ።

የሐጁ ፍየሎች ቡቃያውን ያዩት ከእኛ በኋላ ነው። ተግተልትለው መጥተው ግድግዳውን ይግጡ ጀመር። ለጋ ማሽላ ለፍየል መርዝ ነው፤ ይህን አርሶ አደር ሁሉ ያውቃል፣ ሐጁም ያውቃሉ። ወባው ለቋቸው ስለነበር በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጡና ፍየሎቹን በዱላ አባረው፣ ጆንያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጎትቱት ጀመር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወድቃል። ጡቡም ረጥቦ ስለነበር አብሮ ወረደ። ሁሉም ሲቆም፣ መስኮቴ የነበረችበት ቦታ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ዝም ያሰኙን ሐጅ ጭቃ በጭቃ ሆነው በቀዳዳው እኛን ያያሉ።

“ኸላስ” አሉ፣ ይበቃል ማለታቸው ነው። “ተዉት። እኔም ድኛለሁ። ዝፈኑ፤ በጩኸት ከፍየሎቼ አትበልጡም።”

በዚያው ሳምንት፣ ወደ ማታ ግድም፣ በቀዳዳው ፊት ለፊት አንድ ሰው ቆመ። የወዝ አደር ልብስ ለብሷል፣ ትከሻው ላይ መኮትኮቻ አለ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ድራም መቺውን በእጁ ጠራው። መንገድ ማዶ ቆመው ሲነጋገሩ አያለሁ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ጠቆመ። ድራም መቺው ሲመለስ ዱላዎቹን አላነሳም። “ለዛሬ ይብቃን” አለ፣ አላየኝም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ባንዱ በሙሉ ቆሟል፣ መሣሪያ አልያዙም። ሐጁና ሚስታቸው ከኋላ አሉ፤ ያ ሰውም አለ። ሙዚቀኛ ጎህ ሲቀድ አይነሳም። እንደኛ አገር ወግ መርዶ ለመንገር ካልሆነ በቀር አይነሳም። ማንም አፉን ሳይከፍት ቁርጤን አወቅሁ።

ባሌ የመተማው መንገድ ተዘግቶበት በሁመራ ዞሮ ነው የተሻገረው። ከድንበሩ ማዶ ወድ ኤል ሒለው የምትባል ከተማ እንደ ገቡ ትኩሳት ይዞት በዓቢይ ጾም መሐል አረፈ። አጠገቡ የነበረው ይኸው ሰው ነው። “‘ገዳሪፍ ስትገባ መንገድ ላይ ቆመህ አዳምጥ፣ ጩኸት ወደበዛበት ሂድ’ አለኝ” አለ። “‘ባለ ጩኸቷን እዚህም ድረስ ሰምቼሻለሁ ብሏል በላት’ አለኝ። እህቴ፣ ስምሽን ሳይነግረኝ ነው ያረፈው፤ በጋውን ሁሉ ፈልጌሻለሁ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ቆሜ አዳመጥሁ። ምንም አልነበረም።”

ድራም መቺው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። “እኔ ነኝ ያፈንሁሽ” ይላል። ያን ቀን የራሴ ለቅሶ ነበረኝ። ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለብሼ አልዘፈንሁም።

ኋላ ግን ነገርሁት። እንኳን አፈንኸኝ አልሁት። እኔ በዚያ በጋ ባለ ባል ነበርሁ። ጃላቢያ የገዛሁት፣ ስዘፍን ፊቴን ወደሱ ያዞርሁት፣ የት ቀረህ ብዬ የተጣላሁት እሱ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። መርዶው በየቀኑ በራፌ ላይ ይቆም ነበር፣ ግን ሰምቶኝ መግባት አልቻለም። ሐጁ ለፍየሎቻቸው ብለው እስኪያፈርሱት ድረስ፣ ባሌን በሕይወት ያቆየልኝ ያ የገለባ ግድግዳ ነው።