የአባቴ ቴስተር አይዋሽም

የብየዳ ካውያ ሊድ ሲያቀልጥ የሚወጣው ጭስ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ መስጊዱ አጠገብ የነበረችው የሬዲዮ ጠጋኙ ጠባብ ሱቅ ትታየኛለች። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ የሰው እጅ ስጠብቅ ነው የዋልኩት።

ያኔ ጅማ ኮሌጅ እማር ነበር። አባቴ የቡ ከተማ በሚገኝ የቡና መፈልፈያ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ባለመርፌ ቴስተሩን፣ ያንን ጥቁርና ከባድ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ከዓይኑ ብሌን ለይቶ አያየውም። አንድ ቀን መርፌው አልንቀሳቀስ አለው።

«አሠሪልኝ። ግን ዓይንሽን ከእጁ ላይ እንዳትነቅይ፤ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ይከትበታል» አለኝ።

አባቴ ሰው አያምንም ነበር። ድሮ የመፈልፈያው ትልቁ ሞተር ተቃጥሎ ነበር። ጄኔሬተሩን በቴስተሩ እየለካ ልክ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በፈረቃ የሚተካው ደግሞ የልብ ጓደኛው። «እኔ አስተካክዬ ነው የወጣሁት፤ ቴስተሬ አይዋሽም» ብሎ አባቴ መሰከረ። ጥፋቱ ጓደኛው ላይ ወድቆ ተባረረ። ከዚያ ወዲያ የሰውየው ስም ቤታችን ተነስቶ አያውቅም።

ጠጋኙ ሽማግሌ ነበሩ። ቴስተሩን ከመስጠቴ በፊት ጎኑ ላይ በሚስማር ምልክት ጭሬበታለሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስቆጥር አዩኝና በሁለተኛው ቀን ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ እንዲህ ከምትጠረጥሪኝ አንቺው ክፈቺው!» ብለው ብሎን መፍቻውን ዘረጉልኝ።

አፈርኩ። ግን መፍቻውን ተቀብዬ ከፈትኩት።

መርፌውን የያዘው የብረት ብናኝ ነበር፤ በቀጭን ብሩሽ ሲጠርጉት ተለቀቀ። ከዚያ የራሳቸውን አዲስ ዲጂታል ቴስተርና የእኛን በአንድ ሶኬት ለኩባቸው። የሳቸው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት አለ፤ የእኛ መቶ ዘጠና ላይ ቆመ።

«የርስዎ ቢሳሳትስ?» አልኩ።

ከጎረቤት ሌላ አስመጡ። እሱም ሁለት መቶ ሃያ አለ። ይኼኔ ከውስጡ የጠቆረች ሬዚስተር፣ ኃይል የምትገድብ ኢምንት ዕቃ፣ ነቅለው አሳዩኝ።

«ይቺ ከተበላሸች ዓመታት አልፏታል። አሳንሶ ነው የሚያነበው። እሱን ያመነ ሰው ኃይሉ አነሰ ብሎ ይጨምራል፤ ከዚያ ዕቃ ያቃጥላል።»

የመፈልፈያው ሞተር ትዝ አለኝ። በማግስቱ አዲስ ሬዚስተር አስገብተው መርፌው ከሌሎቹ ጋር እስኪስማማ ሲያስተካክሉ፣ እጃቸውን አልጠበቅኩም። ዛሬ ሳስበው፣ ዓይኔ መንገድ መንገዱን ያይ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው።

የቡ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት።

«ሽማግሌው ራሱ አበላሽቶት ቢሆንስ?» አለኝ።

በወረቀት ጠቅልዬ ያመጣኋትን አሮጌ ሬዚስተር መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። እያገላበጠ አያት።

«ያኔ የመፈልፈያው አምፖሎችም ቶሎ ቶሎ ይቃጠሉ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ቀጥሎም፣ «ያ ጓደኛዬ አሁን ሸቤ ከተማ ነው አሉኝ ያለው።»

በማግስቱ በሚኒባስ አብረን ሸቤ ሄድን። ጓደኛውን ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። አባቴ ፊቱ ቆመ።

«ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ትናንት ነው ያወቅኩት።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየው።

«የመጀመሪያ ልጄን ስድር» አለ፣ «ትመጣለህ ብዬ ድንኳኑ እስኪፈርስ አጠገቤ ቦታ ይዤልህ ነበር።»

ከዚያ አግዳሚው ላይ አጠገቡ እንዲቀመጥ ትንሽ ጠጋ አለለት።