የመጀመሪያው ደንበኛዬ የቤት ሥራ

ማስተማሩን ትቼ አዳማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁና «ጥናትም ሆነ ሥራ ጀምሮ መጨረስ ላቃታችሁ፣ እናሠለጥናለን» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ለሳምንታት ዝር ያለ ሰው የለም። አባቴ በየምሳው «ልጄ፣ ይኼ ሥራሽ ግን አልገባኝም» ይለኛል።

በመጨረሻ አቤል መጣ። ቸርች ኳየር ውስጥ አብረን የምንዘምር፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ማስተርሱን እየተማረ ስለሆነ የመመረቂያ ጽሑፉ እንዳስቸገረው ገመትኩ።

«ነገ እጀምራለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ያሳደርኩት ነገር አለ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ደንበኛ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ የማውቀውን ሁሉ አወረድኩበት። «ቀን ቁረጥለት። ብቻህን ከሆንክ ታመልጣለህ፤ የምታፍራቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች አስገባበት።»

«ትልልቅ ሰዎች ቢሆኑስ?»

«እንዲያውም ይሻላል» አልኩት፣ አማካሪ መምህራኑን ማለቱ መስሎኝ። «ብቻ እንዳታራዝመው።»

እሑድ ከቸርች ስመለስ ሳሎናችን ውስጥ ሦስት አዛውንቶች ቆመዋል። እናቴ ተቀመጡ ብትላቸው «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሏት። የሽማግሌ ወግ መሆኑ ሲገባኝ ጓዳ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁ።

ትልቁ ወደ አባቴ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ለአቤል እንዲሰጡን ነው የመጣነው። እስከ ዛሬ የዘገየው ፈርቶ ነው፤ በቅርቡ ግን ጎበዝ አሠልጣኝ አግኝቷል።»

ሳቄን በእጄ ባፍነውም አመለጠኝ። አባቴ ወደ ጓዳው በር ዞሮ፣

«ልጄ፣ አሁን ሥራሽ ገባኝ» አለ።