የሄስተር ዘር ቆጠራ

ዓምደሚካኤል ሄስተርን ከቤተሰቡ ጋር ያስተዋወቃት ዕለት፣ አክስቱ እትዬ ስሂን ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና፣ "እስቲ ዘሯን ትቁጠር" አሉ።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው በላይ ያለ ጠባብ አፓርታማ ነው። ደርግ ገና አልወደቀም። እትዬ ስሂን በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ ከገቡ ብዙም አልቆዩም። ዓምደሚካኤል ታክሲ ይነዳል። ሄስተር ደግሞ ለአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ሞግዚት ሆና ወደ ዋሽንግተን መጥታ፣ እነሱ ሲመለሱ የቀረች፣ ቀጭን፣ ባለ ቀይ ፀጉር፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች።

ዓምደሚካኤል ጥያቄውን ተረጎመላት። "የኛ ወግ እስከ ሰባት ቤት ነው። አንቺ የቻልሽውን በይ።"

"አባቴ አርተር፤ አያቴ ጆርጅ" አለችና ቆመች።

"ከጆርጅ በላይስ?" አሉ እትዬ ስሂን።

"አላውቅም።"

እትዬ ስሂን ቡና ቀዱላት። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ግን የወንድማቸውን ልጅ ጠርተው፣ "ልጅቱ ጨዋ ናት። አያቷ ጋ ስትደርስ ግን ፊቷ ጠቆረ። እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ" አሉት።

እውነትም ነበረ።

ሄስተር የተወለደችው በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከዓሣ በቀር ሌላ እንጀራ በማይገኝባት ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። አያቷ ጆርጅ ከጀልባ ወድቆ ሞተ። ከተማው ሰክሮ ነው አለ፤ ጆርጅ ግን መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነበር። አባቷ አርተር መረብ ጠጋኝ ነበር። ሄስተር ገና ተማሪ ሳለች መጠገኛው ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ቀጥሎ ትከሻው ሳያዝዘው ይነሣ፣ አንገቱ ይዞር ጀመር፤ በጠራራ ፀሐይ እየተወላገደ ሲሄድ ልጆች ይስቁበታል። ቁጣ የማያውቀው ሰው ሳህን መወርወር ያዘ። በመጨረሻ መዋጥ እንኳ አቅቶት ከስቶ ሞተ።

ሐኪሙ እናቷን ለብቻ አስጠርቶ ነገራት። ሀንቲንግተን የሚሉት የዘር በሽታ ነው፤ ጆርጅንም ከጀልባ የጣለው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒት የለውም፤ ወደ ልጅ መተላለፉ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይ ጎፈር እንደ ማለት ነው። ሄስተርና ታላቅ ወንድሟ ዊልፍሬድ ከበሩ ውጭ ቆመው ሁሉንም ሰሙ።

"ከሁለታችን አንዳችን ማለት ነው" አለ ዊልፍሬድ።

"ወይ ሁለታችንም" አለችው።

ይህን ሁሉ ለዓምደሚካኤል ከጋብቻ በፊት ነግራዋለች። አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ ታክሲው ውስጥ፣ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበ። ሞተሩን አጠፋ። "አገሬ ላይ ሊገድሉኝ ፈልገው አጥተውኛል" አላት። "ገና ያልመጣ ሞት አያስፈራኝም። ብቻ ለእትዬ ስሂን እንዳትነግሪ።"

ልጅ ላለመውለድ ተስማምተው ተጋቡ። ልጃቸው ሰሊና ግን ሳይጠሯት መጣች። ዓምደሚካኤል ሆስፒታል ውስጥ አቅፏት ሲያለቅስ ሄስተር ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሄስተር አሌክሳንድሪያ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ከፈተች። የሐበሻ ሙሽሮች ከጀርመንታውን፣ ከሴቨን ኮርነርስ ሳይቀር ቀሚሳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አማርኛዋ ኮልታፋ ቢሆንም ሽማግሌን አንቱ ማለት አትስትም። እትዬ ስሂንም ስሟን ለምላሳቸው አመቻችተው "አስቴር" ይሏታል። የበሽታው የደም ምርመራ ሲጀመር ሐኪሟ አንስቶላት ነበር፤ እንቢ አለች። ዊልፍሬድ በአርባዎቹ መጀመሪያ ታመመ። ልትቀብረው እንግሊዝ ሄዳ ስትመለስ፣ ሳጥኑ ሲወርድ ተረኛዋ እሷ እንደሆነች እንደታያት ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ከዚያ በኋላ እጇን መጠበቅ ያዘች። መርፌ ባነሣች ቁጥር ጣቶቿን ታያለች። አልተንቀጠቀጡም። ሃምሳን ስታልፍ መተንፈስ ጀመረች፤ ስልሳን ስትደፍን ባሏን "አለፈኝ መሰለኝ" አለችው።

የመጣው ግን በእግሯ በኩል ነው፤ እሷም አላየችውም።

ያየችው ሰሊና ናት። ከአዶኒያስ ጋር ልትጋባ ተስማምታ፣ ለቀሚሷ ልትለካ ሱቅ መጥታለች። እናትና ልጅ ሁልጊዜ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው።

"ማሚ፣ እግርሽ ለምን አያርፍም?"

"የቱ እግሬ?"

"ግራው። ቁጭ ባልሽ ቁጥር ያደርገዋል። ወራት ሆነው እኮ።"

ሄስተር ወደ ታች አየች። እግሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሽከረከራል፤ ጣቶቹ ጫማው ውስጥ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። እንዲቆም ፈለገች፤ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ቀጠለ። የሱቁን በር ቆልፋ ልጇን አስቀመጠቻትና ከጆርጅ ጀምራ ነገረቻት።

ሰሊና አላለቀሰችም። "ዳዲ ያውቃል?" አለች።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

"እንግዲህ ሳያውቅ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ።" ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ እስከ ሽምግልናው ዋዜማ ስልክ አላነሣችም።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ከአዶኒያስ ወገን ሦስት ሽማግሌዎች ሲልቨር ስፕሪንግ መጡ፤ አፈ ጉባኤያቸው አቶ ገብረሥላሴ ናቸው። ዓምደሚካኤል እነሱን ሊቀበል በሩ ጋ ሳለ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ዛሬ እንዳታነሺው፤ ለልጃችን ስትይ" አላት። ሄስተር እግሯን ከወንበሩ እግር ጋር አቆላልፋ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ፤ ተቀመጡ ተባሉ። ዘር ወደ መቁጠር ሲመጣ ዓምደሚካኤል የራሱን ሳያደናቅፈው ወረደው። "በእናቷስ በኩል?" አሉ አቶ ገብረሥላሴ ፈገግ ብለው። "ፈረንጅ ቢሆኑም መቼም ዘር አላቸው።"

ሰሊና ከወጥ ቤት ወጣች። ባህሉ ተደብቃ እንድትቆይ ቢልም መሐል ቤት መጥታ ቆመች።

"ሶሪ ዳዲ፤ በማሚ ሳይድ እኔ ልቁጠር። እኔ የሄስተር። ሄስተር የአርተር። አርተር የጆርጅ። ጆርጅም አርተርም አንክል ዊልፍሬድም የሞቱት በአንድ በሽታ ነው። በዘር ይሄዳል። ማሚን ጀምሯታል። እኔ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ቴስት አላደረግሁም። ለአዶኒያስ ነግሬዋለሁ። እናንተም እወቁት።"

ዓምደሚካኤል አንገቱን ደፋ።

"ልጄ፣ ይህን ተናገሪ ያለሽ ማነው?" አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

"ማንም።"

ዘጠና ዓመት የሞላቸው እትዬ ስሂን ከጥጉ ተነሡ። በምርኩዝ እያዘገሙ መጥተው ከሄስተር አጠገብ ተቀመጡና መዳፋቸውን ጉልበቷ ላይ ጫኑ። እግሩ ከእጃቸው ሥር ይንቀሳቀስ ነበር። "እንዲህ ያለውን ለብቻሽ ተሸክመሽ ኖርሽ፣ አስቴር?" አሏት ቀስ ብለው።

ሽማግሌዎቹ "እንመካከርበት" ብለው ወጡ። ከሳምንት በኋላ የአዶኒያስ እናት መልእክት ላከች፤ ትመርመርና ንጹሕ ከሆነች እንነጋገር የሚል። ሰሊና፣ "ማወቅ ስፈልግ ለራሴ ብዬ አውቃለሁ፤ ለሰርግ ብዬ ደም አልሰጥም" አለች። አዶኒያስ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ አገባት። ተክሊሉን ያየው ሰው አንድ አግዳሚ አይሞላም፤ እናቱ አልመጣችም።

ሐኪሞቹ ሄስተር የጠረጠረችውን አረጋገጡላት። ሱቁ ተዘጋ። ዓምደሚካኤል ቢላዎቹን ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ደረጃ ስትወርድ ፊት ፊቷ ይወርዳል። ባለፈው መስከረም ለምሳ ተቀምጠው፣ በማይረባ ነገር ተናድዳ ሳህን ወረወረችበት። ሳተው። ሁለቱም ስብርባሪውን እያዩ ቆሙ፤ ለመልቀም የጎነበሰ አልነበረም።

ሰሊና አሁን ነፍሰ ጡር ናት። አልተመረመረችም። እሑድ እሑድ ከጀርመንታውን እየመጣች እናቷ አጠገብ ትቀመጣለች።

"ልጄ ሲጠይቀኝ በሽታውን ብቻ አልነግረውም" አለቻት አንድ ቀን። "አርተር ጤነኛ ሳለ ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

የሄስተር ምላስ መጎተት ስለጀመረ ቃላቱ ተሰባብረው ነው የሚወጡት። አባቷ ዋና ሲያስተምራት በዚያ እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ባሕር ውስጥ ሆዷን በመዳፉ ደግፎ እንደነበር፣ ሳይነግራት ሲለቃት እንኳ እንደያዛት ሆኖ ይሰማት እንደነበር ተናገረች። ሰሊና ውሃ ልትቀዳላት ተነሣች።

ሄስተርና ዓምደሚካኤል እስከ ወጥ ቤቱ በር በዓይናቸው ተከተሏት። ደኅና ትራመዳለች። ብርጭቆውንም ሳታፈስ ይዛ ተመለሰች።

"እሺ ማሚ፣ ቀጥይ" አለች።